የኮምፕሬሰሩን መተንፈሻ የደፈንኩት እኔ ነኝ

ይህን ነገር እስካለፈው ወር ድረስ ለአንድ ሰው ትንፍሽ ብዬ አላውቅም። እናቴ አታውቀውም ነበር። አባቴም አያውቀውም ነበር። የንስሐ አባቴ ፊት ቀርቤ ውሸቱን፣ ቁጣውን፣ የገደፍኩትን ጾም ስደረድርላቸው ይህችን አንዷን እየዘለልኩ ነው «እግዚአብሔር ይፍታሽ» ተብዬ የወጣሁት። ስንት ጊዜ? እንጃ። አሁን ደግሞ ለእናንተ፣ ለማላውቃችሁ ሰዎች ልናገር ነው። ለምን ለእናንተ እንደሆነ እያነበባችሁ ስትሄዱ ይገባችኋል።

አስቀድሜ አንድ ነገር ልበል። እኔ ደህና ነኝ። ከስቶ፣ እንቅልፍ አጥቶ፣ እያለቀሰ የሚጽፍ ሰው አድርጋችሁ እንዳታስቡኝ። ኮቦ ላይ፣ ዋናው መንገድ ዳር የራሴ መጠገኛ ቤት አለኝ። የጎሚስታው ኮምፕሬሰር፣ የመኪና ቀለም መርጫው፣ የክሊኒኩ ማሽን፣ አየር የሚጨምቅም አየር የሚስብም ነገር ሁሉ ከሮቢትም ከጎብዬም ወደ እኔ ይመጣል። ሥራዬን እወደዋለሁ። ጠዋት አንዱን ቫልቭ ፈትቼ፣ ውስጡ ያለችውን የጣቴን ጫፍ የምታክል ብረት አውጥቼ፣ ዝገቷን ጠርጌ መልሼ ስገጥማት፣ ኤሌክትሪክ ሰጥቻት «ጠቅ» ስትል ልጅ የወለድኩ ያህል ደስ ይለኛል። ይህን ደስታዬን ደብቄ ብናዘዝ ሌላ ውሸት መጨመር ነው። ደግሞም ነገሩ ያለው እዚያው ላይ ነው። ይህን ደስታ ያገኘሁት ሰው በድዬ ነው።

እኔ የጎሚስታ ልጅ ነኝ። የጎማ ከመነዳሪ ውሃ ውስጥ ነክሬ አረፋ ብቅ የሚልበትን ቀዳዳ በጣቴ መያዝ የለመድኩት ፊደል ሳልለይ ነው። በእኛ ቤት አየር የሚያፏጭ ከሆነ አንድ ነገር ተበስቷል ማለት ነው፤ የተበሳ ነገር ደግሞ ይደፈናል። ሌላ ሕግ አልነበረንም። ትምህርት ቤት «ማስቲሽ ማስቲሽ ትሸቻለሽ» እያሉ ሲያሾፉብኝ ነው ያደግሁት። አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ውጤቴ ለዩኒቨርሲቲ ሳይበቃ ሲቀር፣ አንድ የጥርስ ክሊኒክ ካርድ አውጪና ረዳት አድርጎ ቀጠረኝ። ነጭ ጋውን ሰጡኝ። እንዴት እንደወደድኩት! ወደ ሥራ ስሄድ በአባቴ ደጃፍ ማለፉን ትቼ በማዶ በኩል ነበር የምሄደው። እሱ ጎማ እየፈታ ቀና ብሎ ሲያየኝ እኔ ያላየሁ መስዬ አልፋለሁ። ይህም በደል ነው፤ ግን ዛሬ የምናዘዘው እሱን አይደለም።

ክሊኒኩ አንድ ወንበርና አንድ ዶክተር ነበረው። ከጀርባ፣ በቆርቆሮ በተከለለች ክፍል ውስጥ ኮምፕሬሰሩ ይቀመጣል። የዶክተሩን መሰርሰሪያ የሚያዞረው የእሱ አየር ነው። አጠገቡ ደግሞ ከበሽተኛው አፍ ምራቅና ደም የሚስብ ሌላ ማሽን አለ። ሁለቱም ላይ በኤሌክትሪክ የሚከፈቱና የሚዘጉ፣ የክብሪት ቀፎ የሚያካክሉ ቫልቮች አሉ። ማሽኖቹ ሲያስቸግሩ ከዋጃ የሚጠራው መካኒክ አያ ሰይድ ነበር።

አያ ሰይድ ያኔ አርባ ዓመት አካባቢ ቢሆነው ነው። ቀጭን፣ ረጅም፣ ወሬ የሚወድ። ቢስሚላህ ሳይል ብሎን አይነካም፤ ሳያስተምር ደግሞ መሥራት አይችልም። በሽተኛው ካርዱን ሲጠብቀኝ እሱ ከጓሮ ይጣራል።

«ትርንጎ! ነይ እዪ፤ ነገ ባል ስታገቢ ይጠቅምሻል።»

«ባል በካቻቢቴ ነው እንዴ የሚጠገነው?»

«ባልማ አይጠገንም። ለዚያ እኮ ነው ቫልቭ ተማሪ የምልሽ።»

እየሳቅሁ እሄዳለሁ። አንድ ቀን የኮምፕሬሰሩን አሮጌ ቫልቭ ፈታና መዳፌ ላይ ዘረገፈልኝ። የሽቦ ጥቅል፣ በመሀሉ የምትወጣና የምትገባ አጭር ብረት፣ ከሥሯ ትንሽ ሞላና ጎማ። ከእርጥበቱ የተነሣ ዝጋ ተጣብቃ ነበር። ከደሴ ያመጣውን አዲሱን አጠገቧ ይዞ እንዲህ አለኝ፦ «ይቺን የመስኖ ቫልቭ እንዳታስመስያት። የመስኖው ውሃው ራሱ ካልገፋለት አይከፈትም፤ ሰነፍ ነው፣ ደጋፊ ይፈልጋል። ይቺ ግን ማንንም አትጠብቅም። አየር ኖረ አልኖረ ኤሌክትሪኩ ሲነካት ብድግ፣ ሲለቃት ቁጭ ነው። ለዚህ ነው ለሚስበውም ማሽን የምትሆነው። እዚያ ምን የሚገፋ ነገር አለና?»

አዲሱን ገጠመው። ኮምፕሬሰሩ አየሩን ሞልቶ ሲቆም ቫልቩ ተከፍቶ «ጭስስስ!» አለ። ደነገጥኩ። እሱ ግን ደስ አለው። «ይህ ድምፅ ጤና ነው» አለኝ። «ማሽኑ ጭንቅላቱ ላይ የቀረውን አየር ተንፍሶ ነው የሚያርፈው። ሳይተነፍስ ካረፈ ሲነሣ ይከብደዋል፤ ሞተሩም ይጨነቃል።»

ነግሮኛል። በጆሮዬ ሰምቻለሁ። አላውቅም ነበር ማለት አልችልም። ይህን አስምሩበት፤ ኋላ ላይ ያሳዘንኳችሁ ከመሰላችሁ ተመልሳችሁ ይህችን አንብቡ።

ጭስታው ግን ክሊኒኩን አመሰው። በየጊዜው፣ ሰው ሳያስበው፣ ከግድግዳው ጀርባ ጭስስስ! አንድ ቀን ከጎብዬ የመጣ ገበሬ ወንበሩ ላይ ተጋድሞ፣ ግማሽ አፉ ደንዝዞ ሳለ ያ ድምፅ ሲመጣ ብድግ አለና «ኧረ ጎማችሁ ተነፈሰ!» አለ። ተራ የሚጠብቁት ሁሉ በሳቅ አለቁ። አንዷ ሴትዮ ደግሞ በአገጯ ወደ እኔ ጠቆመችና «ምን ችግር አለ፣ የጎሚስታዋ ልጅ እያለችላችሁ! ነይ ለጥፊው እንጂ!» አለች። ዶክተሩ ሳይቀር ፈገግ አለ። እኔ በነጭ ጋውኔ ውስጥ ቀለጥኩ።

ታዲያ ይህ ምን ነበር? ሰው ሳቀ፣ አበቃ። ዛሬ ቢሆን እኔው አብሬ እስቅ ነበር። ያኔ ግን ያ ድምፅ በጮኸ ቁጥር ስሜን የሚጠራ መሰለኝ። ጎሚስታ፣ ጎሚስታ፣ ጎሚስታ። በማግስቱ ጠዋት ከአባቴ ደጃፍ የተጣለ የከመነዳሪ ቁራጭ አነሣሁ። ከቆርቆሮዋ ክፍል ገባሁ። የእንጨት ቁራጭ በቢላ ቀርጬ፣ ከመነዳሪውን ሦስት ዙር ጠቅልዬ፣ ሽንብራ የምታክለዋን የቫልቩን መተንፈሻ ቀዳዳ ደፈንኳት። በፒንሳ እጀታ መትቼ አጠበቅኋት። እኔ ነኝ የደፈንኳት። ከጎሚስታ ልጅነቴ ለመሸሽ የጎሚስታን ሥራ ሠራሁ። ያውም አስቀያሚውን ሥራ፤ አባቴ እንኳ እንዲህ አድርጎ ቢያየኝ እጄን በመፍቻ ይመታኝ ነበር።

ሁለት ቀን ጸጥ አለ። ያቺ ውሽልሹል ውታፌ ትንሽ ትንሽ አየር ታሳልፍ ስለነበር ማሽኑ እየከበደውም ቢሆን ይነሣል። ማንም ስለ ጎማ አላወራም። ኮራሁ። በልቤ «አያ ሰይድ ያላገኘው ዘዴ» እያልኩ ኮራሁ።

ሦስተኛው ቀን የገበያ ቀን ነበር። በገበያ ቀን ከገጠር የመጣው ሁሉ ጥርሱንም አብሮ ይዞ ይመጣል። ዶክተሩ ከአንዱ ወደ አንዱ ነው። ኮምፕሬሰሩ ደቂቃ ሳያርፍ ይነሣል ይቆማል። እኩለ ቀን ላይ ሊነሣ ሲል «እምምምም» ብሎ ቀረ። ጭንቅላቱ ላይ የታፈነው አየር ፒስተኑን አላንቀሳቅስ ብሎታል። እኔ ካርድ እጽፋለሁ። እምምታውን እሰማለሁ። አወቅሁት። ወዲያው አወቅሁት! ሄጄ ላጥፋው? አራት እርምጃ ነው። ብሄድ ግን ያን ጊዜ የምነቅለውን ዶክተሩ ያያል። ተቀመጥኩ። ካርድ ጻፍኩ። የተቃጠለ ሽቦ ሽታ መጣ፤ ቀጥሎ ጭሱ። ሞተሩ ነደደ። በሞተሩ ላይ ከእንዲህ ዓይነት አደጋ የሚያድነው የኤሌክትሪክ መቁረጫ ከእኛ በፊት ተበላሽቶ በሽቦ ተያይዞ ነበር፤ ይህ እኔን አያድነኝም። ወንበሩ ላይ የነበሩት እናት ጥርሳቸው ግማሽ ተሰርስሮ ቀረ።

ዶክተሩ እሳቸውን በእጁ ለመጨረስ ሲታገል እኔ በጓሮ ገብቼ ውሽልሹሏን ነቀልኳት። ከቆሻሻው ውስጥ አይደለም የጣልኳት፤ ጋውኔ ኪስ ውስጥ ከትቼ ቤቴ ድረስ ወስጄ ምድጃ ውስጥ ጨመርኳት። እስኪ ተመልከቱ፤ እንዴት ያለ ጥንቃቄ ነው? ሞተሩን ላጠፋ እጄ አልሄደም፤ ራሴን ላድን ግን ፈጠነ።

አያ ሰይድ በማግስቱ ከዋጃ መጣ። ዶክተሩ ሰላም አላለውም።

«ምንድን ነው የገጠምክልኝ?»

«ቫልቭ ነዋ፣ ዶክተር።»

«የምን ቫልቭ? ከጉድጓድ የተነቀለ የመስኖ ቫልቭ አይደለም ወይ? አዲስ ነው ብለህ!»

በዚያ ሰሞን ከኮቦ ሜዳ የመስኖ ውሃ ጉድጓዶች እየተነቀለ ዕቃ ገበያ ይወጣል እየተባለ ይወራ ነበር። እንዲህ ያለ ጥርጣሬ የትም አገር አይነሣም፤ ኮቦ ላይ ግን ሰው ሁሉ ወዲያው ያምናል። ዶክተሩ ወደ እኔ ዞረ። «ማፏጨት የጀመረው መቼ ነው?» አለኝ።

«አያ ሰይድ ከነካው በኋላ ነው» አልኩ።

እውነት ነበር። ቃል በቃል እውነት ነበር! እንደዚህ ያለ እውነት ከውሸት እንደሚከፋ ያወቅሁት እኔው ስናገረው ነው።

አያ ሰይድ አልተቆጣም። «ቆይ ላሳያችሁ» አለና ቫልቩን ፈትቶ አወጣው። ተራ የሚጠብቁት ሰዎች በሩ ላይ ተሰበሰቡ። ቫልቩን አፉ ላይ አድርጎ ነፋ፤ ትንፋሹ በወዲያ በኩል ወጣ። ሽቦውን ከኤሌክትሪክ ጋር አገናኘና እንደገና ነፋ፤ ቫልቩ ጠቅ ብሎ ተዘጋ፣ ትንፋሹም ቆመ። ለቀቀው፤ አለፈ። ያዘው፤ ቆመ። ጉንጩ ተነፍቶ፣ ዓይኑ ፈጦ።

«ዋሽንት አደረገው እኮ!» አለ አንዱ። ሳቁ ቤቱን ሞላው።

«የሰው ትንፋሽ ካሳለፈ የመስኖ ቫልቭ አይደለም» አለ አያ ሰይድ፣ በሳቁ መሀል ድምፁን ከፍ አድርጎ። «የመስኖው በዚህች ትንፋሽ ንቅንቅ አይልም! ግፊት ይፈልጋል!» ዶክተሩን አየ። ሰዎቹን አየ። ማንም አልገባውም። ከዚያ እኔን ሲያየኝ ፊቱ በራ። «ትርንጎ ታውቃለች! አሳይቻታለሁ። አይደል፣ ትርንጎ?»

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ።

በዚያ ቤት ውስጥ ያ ሰውዬ ምን እያለ እንደሆነ የገባን ሁለት ሰዎች ብቻ ነበርን። እሱና እኔ። «አዎ» ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። ስለ ውሽልሹሏ መናገር እንኳ አልነበረብኝም፤ «አዎ፣ ይህ ቫልቭ ትክክለኛው ነው» ብል ይበቃው ነበር።

«እኔ ካርድ አውጪ ነኝ» አልኩ።

ፊቱ ላይ የሆነውን ልጽፈው ሞከርኩና ተውኩት። ዶክተሩ ብቻ «ታዲያ ቫልቩ ደህና ከሆነ ሞተሩ ለምን ተቃጠለ?» ሲለው አያ ሰይድ ቫልቩን አገላብጦ አየው። ማጭበርበር የሚችል ሰው ቢሆን መብራቱ ነው፣ ኃይሉ ወጥቶ ወርዶ ነው ይል ነበር። እሱ ግን «አላውቅም» አለ። «ወላሂ አላውቅም።» መሣሪያውን ሰብስቦ ሄደ።

ያን ቀን የመስኖ ውሃ ቫልቭ ሸጧል ተብሎ ስም ወጣለት። «የውሃው ሰይድ።» መጀመሪያ ክሊኒኩ በር ላይ ነበር፤ በሳምንቱ መናኸሪያው ደረሰ፤ በወሩ ደግሞ ኮቦ ውስጥ ፓምፕም ኮምፕሬሰርም ያለው ሰው ሁሉ የውሃው ሰይድን አታስነኩት ይል ጀመር። ሰውየው ከዚያ በኋላ ኮቦ መሥራቱን ተወ።

እኔስ? እኔማ አደግሁ! ዶክተሩ ሌላ ሞተር ሲያስመጣ የሚገጥምለት አጣ። «እስኪ ልሞክረው» አልኩ። ሞከርኩት፤ ሠራ። አያ ሰይድ ያስተማረኝን አንድ በአንድ እያስታወስኩ ነው የሠራሁት። የሚስበው ማሽን ቫልቭ ሲጣበቅም አላቀቅሁት። ቀስ በቀስ ሌላ ክሊኒክ ጠራኝ፤ ጋራዡ ጠራኝ፤ በመጨረሻ ጋውኑን አውልቄ የራሴን ቤት ከፈትኩ። ያውም ከአባቴ ጎሚስታ ጎን። ዛሬ እጄ ማስቲሽ ሲሸት ደስ ይለኛል። በሰውየው ሙያ፣ በሰውየው ትምህርት፣ በሰውየው ቦታ ላይ ተቀምጬ ደስ ይለኛል። ሰው በዚህ ደስ ሊለው ይገባል? አይገባም። ደስ ብሎኛል ወይ? ብሎኛል። ሁለቱንም እንዳሉ ጻፍኳቸው።

ስምንት ዓመት እንዲህ አለፈ። ያለፈው ወር አንድ ጎረምሳ ሹፌር ኮምፕሬሰሩን ሠርቼ ሳስረክበው «አንቺማ እንደ ውሃው ሰይድ አይደለሽም» ብሎ አመሰገነኝ። ሁልጊዜ እንዲህ ሲሉኝ ፈገግ እል ነበር። የዚያን ቀን ግን «የውሃው ሰይድ ማን ነው?» ብዬ ጠየቅሁት። «እኔ ምን አውቃለሁ? ሲባል ሰምቼ ነው፤ አጭበርባሪን እንዲያ ነው የሚሉት አይደል?» አለኝ። ሰውየውን አያውቀውም። ስሙ ብቻውን፣ ያለ ሰውየው፣ መንገድ ለመንገድ እየሄደ ነው። ሱቄን ዘጋሁና ዋጃ ሄድኩ።

አያ ሰይድን ግራር ጥላ ሥር አገኘሁት። በጀርባ የሚታዘል የመድኃኒት መርጫ ፈታትቶ ተቀምጧል። የሽንኩርት ገበሬዎች መርጫ ሲጠግን ነው የሚውለው። ጢሙ ሸብቷል። ሰላምታ ሰጠሁት።

«ማንኛዋ ትርንጎ?» አለ ቀና ሳይል።

«የክሊኒኩ።»

«አሃ። ካርድ አውጪዋ።»

ይገባኛል። ቁጭ በይ ሳይለኝ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩና ሁሉንም ነገርኩት። ሳቁን፣ ከመነዳሪውን፣ ቀዳዳዋን፣ እምምታውን፣ ምድጃውን። መጀመሪያ እጁ መሥራቱን አላቆመም። ኋላ ቆመ።

«በምን ደፈንሽው አልሽኝ?»

«በእንጨት። ከመነዳሪ ጠቅልዬ።»

«ስንት ዙር?»

«ሦስት።»

«ሦስት ዙር ከመነዳሪ!» አለና ሳቀ። ጮክ ብሎ፣ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። «አልሐምዱሊላህ! ማሽኑ አየሩን ታቅፎ ነዋ ልነሣ ያለው! እኔ እኮ ሽቦውን አሳስቼ አስሬው ይሆን እያልኩ... ከዚያ ወዲህ እያንዳንዷን ብሎን ሦስት ሦስቴ ነው የማጠብቀው። ልጆቼ ይስቁብኛል፤ አባባ አሁን አጠበቅሃት እኮ ይሉኛል።»

ከዚያ ሳቁ አለቀበት። መፍቻውን መሬት ላይ አስቀመጠ።

«ስምንት ዓመት፣ ትርንጎ።»

«ይቅር በለኝ፣ አያ ሰይድ።»

«ይቅርታውን ቆይ አቆዪው። እኔ ዋጃ ላይ ሰይድ ነኝ፤ ሰው ያውቀኛል። ስሜ የተበላሸው ኮቦ ነው። ከተበላሸበት ሄደሽ ጠግኚልኝ። ጥገና ታውቂ የለ?»

መርጫውን አንሥቶ ሥራውን ቀጠለ። ሻይ አላቀረበልኝም። በእኛ አገር ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ አልነግራችሁም።

ኮቦ እንደገባሁ መጀመሪያ ዶክተሩ ዘንድ ሄድኩ። አሁንም እዚያው ነው ያለው። ሰማኝና ትከሻውን ሰበቀ። «ተይው፤ ያኔ ልጅ ነበርሽ። ሞተሩም ከተቀየረ ቆየ» አለኝ። ስድብ ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። የእሱ ያልሆነውን ይቅርታ አንሥቶ በነጻ ሰጠኝ። «ለእኔ ሳይሆን ለአያ ሰይድ ደውልለት» አልኩት። እሺ አለ። ይደውል አይደውል አላውቅም።

ለአባቴ ነገርኩት። ጎማውን አስቀምጦ አየኝ። «ስንት ነገር እንድትደፍኚ ሳስተምርሽ የማይደፈነውን አላስተማርኩሽም» አለ። አልቅሶ ይሆን? ጠጋ ብዬ አላየሁትም። ግን በእሱም ላይ አላላክክም። አስተማሪማ ነበረኝ፤ ነግሮኝ ነበር፤ ቀደም ብዬ ጽፌላችኋለሁ።

ከዚያ በየሻይ ቤቱ፣ በመናኸሪያው፣ በጋራዡ መናገር ጀመርኩ። ምን ሆነ መሰላችሁ? ሰዎች ይስቃሉ። «አንቺ ደግሞ፣ ለሰውየው አዝነሽ ነው» ይላሉ። ስሙን ለማበላሸት የእኔ አንድ ቃል በቅቶ ነበር፤ ለመመለስ ግን ስንት ቃል እንደሚፈጅ እያየሁት ነው። ለዚህ ነው የምጽፈው። ለዚህ ነው እናንተ የተጨመራችሁት። ኮቦም ሮቢትም አላማጣም ሆናችሁ «የውሃው ሰይድ» ሲባል ከሰማችሁ ተናጋሪውን አቁሙና ይህን በሉት፦ ቫልቩ አዲስ ነበር፣ ትክክለኛው ነበር፣ አገጣጠሙም ንጹሕ ነበር። መተንፈሻውን የደፈነችው ትርንጎ የምትባል የጎሚስታ ልጅ ናት፤ አውቃ ነው የደፈነችው፤ ጠይቀዋት ነው የደበቀችው።

ይቅር በሉኝ አልላችሁም። ይቅርታው የእናንተ አይደለም፤ ባለቤቱም ቆይ ብሎኛል፤ እቆያለሁ። ልጅ ነበርኩም አልላችሁም፤ ውሽልሹሏን ኪሴ ከትቼ ቤት ድረስ ለመውሰድ አላነስኩም።

አንድ ሕግ ብቻ አውጥቻለሁ። ያንን ስም የሚጠራ ደንበኛ ዕቃው በእኔ እጅ አይሠራም። ትናንት ከሮቢት አንድ ባለ ጎሚስታ ኮምፕሬሰሩን በሚኒባስ ጭኖ መጣ። ገና ሳያወርደው «አደራሽን፣ እንደ ውሃው ሰይድ...» ሲል እጄን አነሣሁ።

«አታውርደው። ዋጃ ውሰደው። አያ ሰይድ ይሠራልሃል።»

«የውሃው...?»

«አያ ሰይድ በል።» ነገሩን ሁሉ ነገርኩት። ከላይ እስከ ታች አየኝ።

«ታዲያ ከዚህ በኋላ አንቺን ማን ያምንሻል?»

«እንጃ» አልኩት። «እሱን ግን እመነው።»

ወደ ሚኒባሱ ዞረና ሹፌሩን «ወደ ዋጃ ንዳው» አለው። የላላውን ገመድ እኔው አጠበቅሁለት። ቀኑን ሙሉ ሌላ ሥራ አልመጣልኝም፤ ደስ ብሎኝ ዋልኩ።